ደርሶ መልስ ከላሊበላ

አጎቴ ላሊበላ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ላንድ ክሩዘር ነድተዋል። አስጎብኚ አልነበሩም፤ ሹፌር ነበሩ፤ ሰው ሁለቱን ሲያምታታባቸው አይወዱም። ባለፈው ጥር እሳቸው ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ እትዬ፣ ማለት ባለቤታቸው፣ በረንዳው ላይ ቡና እያፈሉ ሳለ በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት። የተባባልነውን ማታውኑ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ አጎቴ ስለ ፍሬን ማውራት ከጀመሩ ማብቂያ የላቸውም።

እኔ፦ ጋሼ፣ ለነገ መኪና ይፈልጉልኛል? በማለዳ ወጥቼ ማታ የምመለስበት። ተራራ ተራራውን እያየሁ ሄጄ፣ ሐይቅ ዳር ምሳዬን በልቼ፣ ሳይጨልም እዚሁ ልግባ ብዬ ነው።

አጎቴ፦ ሐይቅ ዳር? የትኛው ሐይቅ ዳር?

እኔ፦ ሐይቅ ነዋ። ደሴ ሳይደረስ ያለው።

አጎቴ፦ እኛ ወሎዎች እኮ ስም አውጪ ጠፍቶብን ሐይቁንም ሐይቅ፣ ከተማውንም ሐይቅ ብለን አረፍነው። በይ አብረን እንቁጠር። ከዚህ ጋሸና 64 ኪሎሜትር ነው። ከጋሸና ወልድያ ከመቶ ያልፋል። ወልድያና ደሴ መካከል 120 ነው፤ ሐይቅ ከደሴ ሠላሳ ያህል ወደዚህ ስለሆነ ዘጠና ይቀርሻል። ስንት መጣ?

እኔ፦ ከ260 አያንስም።

አጎቴ፦ መሄጃው ብቻ። ደርሶ መልሱ ከአምስት መቶ በላይ ሆነ። ሜዳ ላይ ቢሆን ምንም አልነበረም። እዚህ ግን ኪሎሜትር ቆጥሮ የሚነሳ ሹፌር ካየሽ አትሳፈሪው። እዚህ የሚቆጠረው ቁልቁለትና ዳገት ነው። ከዚህ ሹምሸሃ ድረስ ትወርጃለሽ። ተከዜን ተሻግረሽ ጋሸና ድረስ ትወጫለሽ። ከዚያ ደጋ ደጋውን ሄደሽ ድልብ ላይ እንደገና ትገለበጫለሽ። ሐይቅ ስትደርሺ ፀሐይ ትጠልቃለች። ዓሣሽን በልተሽ እዚያው ታድሪያለሽ። እሱ ደርሶ መልስ አይባልም፤ ደርሶ አዳር ነው።

እትዬ፦ ብትደርስስ ምን ልትሆን? የሐይቁ ገዳም ሴት አያስገባ።

እኔ፦ ልግባ አላልኩም እትዬ። ዳር ሆኜ ልየው ነው።

አጎቴ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ከዳርም ቢታይ ያምራል። ዱሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት ነው፤ ተክለ ሃይማኖትም እሳቸው ዘንድ ተምረዋል። ጠዋት ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቶ ዛፉ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ግን እሱን ከአዲስ አበባ ስትመጪ ነው ማየት። አንቺ ደግሞ መጥተሽበታል! በአውቶቡስ አይደለም የመጣሽው?

እዚህ ላይ አፈርኩ። በሐይቅ አጠገብ አልፌያለሁ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ፀሐዩ ፊታቸውን ስለበላቸው መጋረጃውን ሳቡት። ከኋላ ያለው ሰውዬ ንፋስ ይመታኛል ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ሐይቅ መድረሳችንን ያወቅሁት ረዳቱ «ሐይቅ ወራጅ!» ብሎ በሩን ሲደበድብ ነው። የነጻውን ሐይቅ በመጋረጃ አሳልፌ በኪራይ መኪና ልፈልገው መምጣቴን ለሁለቱም ነገርኳቸው።

እትዬ፦ ደግ አደረጉ የዘጉት። የመኪና ንፋስ ጆሮ ውስጥ ነው የሚገባ።

አጎቴ፦ ይኸውልሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ፈረንጅ ስጭን አንድ ቀን መስኮት ዝጋልኝ ያለኝ የለም። ኮረኮንቹ ላይ አቧራውን እየቃመ፣ ቅንድቡ ነጭ እስኪሆን መስኮቱን ከፍቶ ይሄዳል። የኛን ሰው የጫንኩ ቀን ደግሞ መኪናዋ ሳጥን ነበረች የምትመስል። ሁሉም ተዘግቶ፣ ውስጡ ሎሚ ሎሚ እየሸተተ።

እትዬ፦ ሎሚው የኔ ነው። ሳላሸት ከሄድኩ አስመልሳለሁ። ወልድያ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ሲወስደኝ ሁለቱንም ጊዜ ከኋላ ወንበር ተኝቼ ነው የሄድኩት። መንገዱን አላውቀውም። ጣሪያውን ነው የማውቀው።

እኔ፦ ጋቢና አይሻልም ነበር? ለሚያስመልሰው ሰው ከፊት ሆኖ መንገዱን ማየት ይረዳል ይላሉ።

እትዬ፦ ጋቢና ለፈረንጅ ነው ይለኛል።

አጎቴ፦ ያኔ ገበያው እንደዚያ ነበር። ፈረንጅ የሚከፍለው ለጋቢናው ነው። መኪናዋም የኔ አልነበረችም፤ ባለቤቷ አዲስ አበባ ነው።

እኔ፦ እሺ፣ ላስታ ራሱ ለምን ሐይቅ የለውም? ይህን ሁሉ ተራራ ይዞ።

አጎቴ፦ የት ይቀመጥ? ሐይቅ እኮ መቀመጫ ይፈልጋል። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የወረደ ዝናብ ማረፊያ ሳያገኝ በየሸለቆው እየተምዘገዘገ ተከዜ ይገባል። ተከዜ ከዚሁ ከላስታ ነው የሚነሳ። ነገ ወደ ጋሸና ብትሄጂ ትሻገሪዋለሽ፤ በዚህ ወር ጫማሽን አውልቀሽ የምታልፊው ውሃ ነው። ነሐሴ ላይ ብታዪው ግን ድንጋይ ሲያንከባልል ድምፁ ከመኪናው ሞተር በላይ ይሰማል። ያው ውሃ ነው ታች ወርዶ 188 ሜትር ግድብ የተሠራለት። ሐይቃችን እዚያ ሄዶ ነው የተኛ። ከዚያም ተርፎ ሱዳን ገብቶ፣ አትባራን አግኝቶ፣ ዓባይን ይቀላቀላል።

እትዬ፦ አለ እንጂ እዚህም።

እኔ፦ ምን አለ?

እትዬ፦ ሐይቅ። ቆይ፣ ቶናው ይውረድ እነግርሻለሁ።

አጎቴ፦ እሷ ስታስብ እኔ ጋሸናን ልንገርሽ። እኔ ብሆን ጋሸናን ነው የምመርጥልሽ። ሹምሸሃ ያለው አየር ማረፊያ ከሁለት ሺህ ሜትር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጋሸና ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋል። በአንድ ጠዋት አንድ ሺህ ሜትር ትወጫለሽ። ታች ሹራብሽን አውልቀሽ ላይ ጋቢ ትደርቢያለሽ። ጋሸና ላይ የቻይናን መንገድ ታገኚዋለሽ፤ በደርግ ጊዜ ቻይናዎች ከወልድያ ወረታ ድረስ የሠሩትን። ያን መንገድ ይዘሽ ትንሽ ብትሄጂ ዋድላ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሜዳ። ላስታን አይተሽ ስትመጪ ሜዳነቱ ይገርምሻል፤ ሰማዩ ራሱ ሰፍቶ ይታያል። ደላላ ሜዳ ነው ግን። እሄዳለሁ ስትዪ ድንገት መሬቱ ያልቅና ከእግርሽ ሥር ገደል ነው።

እኔ፦ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የጎተቱት በዚያ አይደል?

አጎቴ፦ በዚያ ነው እንጂ። ሹፌር ሆኖ ያን ያላሰበ ሰው ሹፌር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ያህል። መድፉ ወደ 7 ቶን ነው ይባላል። ጨጨሆን፣ ደብረ ዘቢጥን፣ ዋድላን፣ ከዚያ የጅዳን ገደል ወርደው ወጥተው፣ ደላንታን አልፈው፣ በሽሎን ደግሞ ወርደው ወጥተው። መንገዱ ስላልነበረ እየሠሩ ነው የሄዱ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ። እኔ ባዶ መኪና ይዤ ጨጨሆን ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ ነው። ሰባት ቶን በሰው ጉልበት! ለመውጣቱስ ግድ የለም። ቁልቁለቱን ምን ይዟቸው እንደወረደ ነው የማስብ። ፍሬን የለው።

እትዬ፦ መጣ ፍሬን።

አጎቴ፦ ለምን አይመጣ! ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይታመንም፣ ልጄ። በወጣሽበት ማርሽ ነው የምትወርጂው። በሁለተኛ የወጣሽውን በሁለተኛ ትወርጃለሽ፤ ሞተሩ ይይዛታል። ፍሬኑ ላይ የተኛ ሹፌር ግማሽ ሳይደርስ ሸራው ይግላል። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፤ ላስቲክ የተቃጠለ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ብትረግጪው እግርሽ ጥጥ ላይ ያረፈ ነው የሚመስልሽ። አዲስ ሹፌር ከድልብ ሲወርድ ከኋላው ሆኜ በሽታው ነው የማውቀው።

እኔ፦ እና እንዲህ ሲወርዱ አገሩን መቼ ያዩታል?

አጎቴ፦ አላየውም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? አሥር ዓመት ነድቼ አገሩን አላየሁትም። መንገዱን ነው ያየሁት፤ ጉድጓዱን፣ ፍየሉን፣ ኩርባው ጋ የሚመጣውን አይሱዙ። ያየሁት ስቆም ነው፤ ያቆመችኝ ደግሞ ሰው ናት።

እኔ፦ ማን?

አጎቴ፦ ዕድሜዋ የገፋ ፈረንጅ። ብቻዋን ነበረች። ከጋሸና ስንመለስ፣ ቁልቁለቱን ስንጀምር አቁም አለችኝ። ወርዳ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ካሜራ አታወጣ፣ ምን አታወጣ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሆነ። ከፍታው አሟት ይሆናል ብዬ ውሃ ይዤላት ወረድኩ። ዝም ብላ ወደ ታች በጣቷ አሳየችኝ። አውድማ ነው። ሁለት ሰዎች ገብስ ያዘራሉ። ንፋሱ ሲመጣ በላይዳ ወደ ላይ ይበትኑታል፤ እብቁ ወደ ገደሉ ወገን እንደ ጭስ ይሄዳል፣ ፍሬው እዚያው ይወድቃል። ንፋሱ ሲያቆም ላይዳቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይበትናሉ። እኔ ገበሬ ቤት ተወልጄ፣ ላይዳ ይዤ አድጌ፣ ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እትዬ፦ ሥራ ነው እኮ እሱ። የሚታይ ነው እንዴ? አውድማው ላይ ያሉት ሰዎች ቀና ብለው «እነዚህስ ምን ሆነው ነው» ሳይሉ አይቀሩም።

አጎቴ፦ ብለዋል እንጂ! ልጅ ልከው አስጠየቁን። መኪናችሁ ተበላሸች ወይ፣ ገመድ እናምጣ ወይ ብለው።

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን ልጁን ሳስበው ቆየሁ፤ ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ የመጣውን። አገራችን ውስጥ መኪና መንገድ ዳር ከቆመ ወይ ጎማ ተንፍሷል ወይ ሰው አስመልሶታል። ሌላ ምክንያት ማን ይገምታል? ለማየት ብሎ የሚቆም ሰው ገመድ ሊቀርብለት የሚገባ ሰው ነው።

እኔ፦ እትዬስ? እርስዎ ልጅ ሆነው ከላይ ከተራራው አይደል ወደ ገበያ የሚወርዱት?

እትዬ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ። ገብስ አዝለን፣ ከሌሊቱ ተነሥተን። ጨለማ ነው፣ የምታዪው የፊተኛዋን ሴት ተረከዝ ነው። የሚነጋብን ቦታ ላይ ግን ማረፊያ አለን። ሸክም የምናሳርፍበት ድንጋይ፣ ልክ ወገብ ላይ የሚደርስ። ጀርባችንን አስደግፈን፣ ገመዱን ሳንፈታ እዚያ እንቆማለን። ያን ጊዜ ታች ላሊበላ ጭሱ ሲነሣ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ሰማያዊ ነው፤ ከሱ ወዲያ ያለው ደግሞ ሳሳ ያለ ሰማያዊ፤ ደግሞ ከሱ ወዲያ አለ። እናቴ እየቆጠረች ስም ትነግረኝ ነበር። አምስት ድረስ አውቀዋለሁ።

አጎቴ፦ ይህን ለኔ ነግረሽኝ አታውቂም።

እትዬ፦ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ፈረንጅ አልሆንኩ።

አጎቴ፦ (ሲኒያቸውን አስቀመጡ) እዚያ ላይ ጭላዳውን ግን ታዪው ነበር አይደለም? ፈረንጆቹ ለሱ ነው የሚሞቱለት። አፋፉ ላይ ተደርድሮ ሣር ሲነቅል።

እትዬ፦ ለኔ ገብስ ሌባ ነው። ልጅነቴን እሱን ስጠብቅ ነው የጨረስኩት። ጅብራውን ግን እወደዋለሁ፤ ጉም ውስጥ ሰው የቆመ ነው የሚመስለው።

እኔ፦ አሁንስ መንገዱ ላይ ልጆቹ አሉ? እኔ ትንሽ ሆኜ ስንመጣ መኪና ባየን ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጡ ነበር።

አጎቴ፦ አሉ። መኪናው ነው የጠፋው። ባዶ ፕላስቲክ እኮ ለነሱ ዕቃ ነው፤ ውሃ ይያዝበታል፣ ዘይት ይለካበታል። እኔ አጠራቅሜ አንድ ቦታ ቆሜ ነበር የምሰጣቸው፤ እየነዳሽ ከወረወርሽ ልጁ ጎማ ሥር ይገባል። አሁን ግን ባዶ ሃይላንድ የሚተው እንግዳ የለም። በ2012 ኮሮና መጣ፤ ይህ ያልፋል አልን። በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ እዚሁ ገባ። ጋሸና መገንጠያ ናት፤ መገንጠያን የያዘ መንገዱን ሁሉ ይዟል፣ ስለዚህ ያላየችው የለም። በኋላ ስሄድ ምን አየሁ መሰለሽ? እንግዶቼ አቁም የሚሉኝ ቦታዎች ላይ ምሽግ ተቆፍሮ። ሩቅ የሚያሳይ ቦታ ለሁሉም ነው የሚፈለግ።

እትዬ፦ ያቺ ድንጋይስ? ሴትዮዋ የተቀመጠችበት?

አጎቴ፦ ድንጋዩ አለ። አውድማውም አለ። ባለፈው ዓመት ገለባ ተከምሮበት አይቻለሁ።

ጥቂት ዝም አልን። መኪናዋን ባለቤቷ ካስወሰዳት ወዲህ አጎቴ የሚነዱት የጎረቤት ልጅ ባጃጅ ሲበላሽ ለመሞከር ብቻ ነው። በረካው ሲቀዳ እትዬ ያቋረጡትን ቀጠሉ።

እትዬ፦ ሐይቅ አልሽ አይደል። ይምርሐነ ክርስቶስ ሥር ነው ያለው።

እኔ፦ ዋሻው ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን?

እትዬ፦ እሱ። ከላሊበላ ቀድሞ የነገሠው ንጉሥ ነው ያሠራው። ዋሻው ውስጥ ውሃ ነበረ፤ በላዩ እንጨት ረብርቦ፣ አፈር ደልድሎ፣ ቤተ መቅደሱን እዚያ ላይ አነጸ ይላሉ አባቶች። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ለመሳለም ስሄድ አንድ ቄስ መሬቱ ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ከፍተው «እጅሽን አስገቢ» አሉኝ። አስገባሁ። ጭቃ ነው፣ ቀዝቃዛ። ጣቴ ረጥቦ ወጣ። እስከ ቤቴ ድረስ ሳላደርቀው ልሄድ ፈልጌ ነበር።

አጎቴ፦ እውነቷን ነው፣ እሱ ደርሶ መልስ ነው። 42 ኪሎሜትር ወደ ሰሜን። ዳገቱም እንደ ጋሸና አይደለም። በመንገድሽ ብልባላ ጊዮርጊስን ታገኛለሽ፤ ንቦች ግድግዳው ውስጥ ገብተው ይኖሩበታል፣ ማሩን ለፈውስ ይወስዱታል። ከዚያ መኪናዋ እስከ ተራራው እግር ትደርሳለች። የቀረው በእግር ነው፣ በጽዱ መሃል ሽቅብ። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ሲገባ ግር ይለዋል፤ የላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፣ ይኸኛው የታነጸ ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን፣ ደግሞ እንጨት። ጣሪያውን ቀና ብለሽ ሳታዪ እንዳትወጪ። ከበስተኋላው የተሳላሚዎች አጽም አለ፤ ለመሳለም መጥተው እዚያው የቀሩ።

እኔ፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

አጎቴ፦ ከቆምሽ ወይስ ካልቆምሽ?

እኔ፦ ከቆምኩ።

አጎቴ፦ እንግዲያው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተሽ መምሸቱን እርሺው። በመጀመሪያ ግን ብልባላ ስልክ ልደውል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳልሰማ አላስነሣሽም። ሰላም ከሆነ የወንድሜ ልጅ መኪና አለው፤ እኔ እነዳዋለሁ። እሱ ፍሬን አይችልም።

እትዬ፦ እኔም እመጣለሁ።

አጎቴ፦ አንቺ? የት ልትተኚ?

እትዬ፦ አልተኛም። የማረፊያዋን ድንጋይ ከመንገዱ ላይ ሆኜ ትታይ እንደሆነ ልያት ነው። ስትታይ ቁም እልሃለሁ፣ ትቆማለህ።

አጎቴ፦ እቆማለሁ።

እትዬ፦ መስኮቱም ይከፈት። ጋቢናም የምገባው እኔ ነኝ። አንቺ ልጄ ነሽ፣ ከኋላ ትሆኛለሽ፤ ሎሚውን ያዢልኝ።